የመርክነህ ገመድና የጋሽ ዘውዴ በረንዳ

አሁን የምሠራው ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነው። ሚስማር እመዝናለሁ፣ ቆርቆሮ አወጣለሁ፣ ሲሚንቶ ሲራገፍ ቆሜ አያለሁ። የምቀመጥበት ቦታ ቀድሞ በረንዳ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ዘውዴ ግብር የተቀነሰላቸው ዓመት በረንዳውን በቆርቆሮ ጋርደው፣ የብረት በር ገጥመው ከሱቁ ጋር ቀላቀሉት። እኔም የተቀጠርኩት ሱቁ ስለሰፋ ነው። እንጀራዬ ከዚያ ቅነሳ የመጣ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚያነብ ሰው በነጋዴ ላይ ቂም ይዤ የጻፍኩ እንዳይመስለው ብዬ ነው።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ሥራ ሌላ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች በሚያስተምር አንድ የቀን ማዕከል ረዳት ነበርኩ። ጡረታ ወጣሁ እንዳልል ዕድሜዬ አይፈቅድም፤ ጺሜ እንኳ ገና በወጉ አልሞላም። ግን ያ ሥራ አብቅቷል፤ የሚመለስም አይመስለኝም። ስለዚህ ጡረተኛ እንደሚያደርገው ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ላስታውሰው።

የገባሁት በጥበቃነት ነው። ትምህርቴን አቋርጬ ነበር፤ በር ላይ ተቀምጬ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ አነብ ነበር። ማዕከሉ ሁለት ክፍልና አንድ ዳስ ነበረው። የሚመሩት እትዬ ውብነሽ ይባላሉ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አያታቸው ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሳቸው ግን ሶዶ ተወልደው ወላይትኛውን እንደ ገበያ ሴት ነው የሚናገሩት። ከቀሚሳቸው ሥር የወንድ ሸራ ጫማ ያደርጋሉ። ብዙ ስለሚራመዱ ነው።

አንድ ቀን ከበሩ አንገቴን አስግጌ ዳሱ ውስጥ የሚሠሩትን ስመለከት አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ጥበቃ ነህ ወይስ ተመልካች?"

"ሁለቱንም ነኝ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ገባ በልና በቅርብ ተመልከት። ከእኛ ቤት የሚሰረቅ ነገር የለም።"

እንደዚያ ነው ሥራ የለወጥኩት። ወረቀቱ በኋላ መጣ፣ ደመወዙ ከወረቀቱም በኋላ።

ዳሱ ውስጥ የሚሠራው ገመድ ነበር። ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ ገዝተን እናመጣለን፤ ይበጠራል፣ ይረጥባል፣ ጭን ላይ ይከረራል፣ ሦስቱ ክር ይጎነጎናል፣ ጫፉ ይቋጠራል። ለከብት ማሰሪያ፣ ለጭነት ይሸጣል። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስተምረው ከመበጠሩ ጀምሮ ነው። እትዬ ውብነሽ ግን ከመቋጠሩ ይጀምሩ ነበር። ገመዱን እሳቸው ሠርተው ይጨርሱና የመጨረሻዋን ቋጠሮ ብቻ ለተማሪው ይተዉለታል። እሱ ሳብ አድርጎ ሲያጠብቃት "አለቀ!" ይላሉ፤ ዳሱ ውስጥ ያለነው ሁላችንም "አለቀ!" እንላለን። ቋጠሮዋን ከለመዳት በኋላ የመጨረሻውን ጉንጉን ይጨምሩለታል፤ እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ፣ እስከ መበጠሩ ድረስ። ተማሪው አንድ ነገር ብቻ ቢችል እንኳ ሥራው ሁልጊዜ የሚያልቀው በእሱ እጅ ነው።

"ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ነገ አይመጣም፤ የጨረሰ ይመጣል" ይሉኝ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ማጣመር ነው። ተማሪው ሲሳሳት፣ ሲዘገይ፣ ቃጫው ሲበታተንበት እጃቸው ከኋላቸው እንደተያያዘ ዝም ብለው ይቆማሉ። እኔ ልረዳ ስንደረደር "እጅህን!" ይሉኛል። ይህን መማር ከሁሉ ከበደኝ። ሰው ሲቸገር እያዩ እጅ አለመዘርጋት ከባድ ሥራ መሆኑን የሚያውቅ የሠራው ነው።

ተማሪዎቻችን ራሳቸው አይመጡም፤ ሄደን ነበር የምንፈልጋቸው። የምንሄደውም በገበያ ቀን ነው። በዙሪያችን ባሉት ትንንሽ ከተሞች፣ በተበላም፣ በበዴሳም፣ በጉኑኖም የገበያ ቀን ሰው ሁሉ ይወጣል፤ ቤት የሚቀረው የታመመ፣ የሸመገለ፣ ወይም ሰው እንዲያየው የማይፈለግ ነው። በሩ ከውጭ በገመድ የታሰረ ቤት ስናገኝ እትዬ ውብነሽ ቆም ብለው ያዳምጣሉ። ውስጥ ሰው ካለ ባለቤቶቹ ከገበያ እስኪመለሱ አጥሩ ሥር ተቀምጠን እንጠብቃለን። በር ከፍተን ገብተን አናውቅም።

መርክነህን ያገኘነው እንደዚሁ ነው፤ ያውም እዚሁ ሶዶ፣ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ዳር። እናቱ ቅቤ ቸርቻሪ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል። ከገበያ ሲመለሱ እኛን አጥሩ ሥር ተቀምጠን አዩን። መጀመሪያ ቀበሌ የላከን መስሏቸው ደነገጡ። እትዬ ውብነሽ በወላይትኛ ሲያናግሯቸው ረጋ አሉና አስገቡን። መርክነህ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በቁመት ግን ይበልጠኛል። ቁርጭምጭሚቱ በላስቲክ ገመድ ከምሰሶው ጋር ታስሮ ነበር። ገመዱ ቆዳውን ልጦታል።

"እሳት ላይ ወድቆ ነበር" አሉ እናቱ። "መኪና መንገድም ይገባል። እኔ ካልሸጥኩ ደግሞ አንበላም። ምን ላድርግ፣ እናንተ ንገሩኝ።"

እትዬ ውብነሽ አልገሠጿቸውም። ተቀምጠው ላስቲኩን ፈቱ፣ ጫፉን መርክነህ እጅ ላይ አደረጉና "ያዝልኝ" አሉት። ያዘላቸው። "በቃ፣ ይህ ልጅ መያዝ ያውቃል" አሉ።

ባጃጅ ነበረን፤ ጠዋት ጠዋት እያዞረ ተማሪዎቹን ያመጣል፣ ከሰዓት ይመልሳል። መርክነህ ገመዱን እስከ መጎንጎን ደረሰ፤ የሱ ገመድ ለስላሳና እኩል ስለሆነ ደንበኛ ለይቶ ይጠይቀው ጀመር። ቋጥሮ ከጨረሰ በኋላ አንገቱን ቀና አድርጎ "አለቀ!" እስክንለው ይጠብቃል። ካላልነው ይፈታዋል፤ ፈትቶ እንደገና ይቋጥራል። ሥራ በዝቶብን ብንረሳው ያቺኑ ቋጠሮ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ቀልደኛም ነበር። እርጥብ ቃጫ ኪሴ ውስጥ ይከትና እስካገኘው ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በትከሻው ይስቃል። እትዬ ውብነሽን "ውቤ" የሚላቸው እሱ ብቻ ነበር።

"ውቤ!"

"አቤት፣ ጌታው።"

"ምሳ!"

"አብሳይዋ ድንቹን ትላጥ እንጂ እኔን ትበላኛለህ እንዴ?"

ቀጥሎ ብቻውን ቤቱ እንዲሄድ ማስተማር መጣ። መንገድ የሚማረውም እንደ ገመዱ ከመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ ከቤቱ ጥግ እስከ በሩ ብቻውን ይሄዳል፣ ከዚያ አንድ መታጠፊያ ይጨመርለታል፣ እንዲህ እያለ ትምህርቱ ወደ ኋላ እስከ ማዕከሉ ይደርሳል። ምልክት አድርገን የምንሰጠው ግን ሕንፃ ወይም ዛፍ አልነበረም፤ ሰው ነበር። እኛ አገር ሰላምታ ተሰጥቶት ዝም የሚል ሰው አይገኝም። ተማሪው "ሳሮ!" ይላል፤ በወላይትኛ ሰላም ነው። የተመረጠው ሰው "ሳሮ!" ብሎ ይመልስና በእጁ ወደሚቀጥለው ያመለክተዋል። መልስ እስኪያገኝ ቆሞ ይጠብቃል፤ መልስ ወደ ሰጠው ይሄዳል።

የመርክነህ መንገድ ሦስት ሰው ነበረበት። መጀመሪያ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ናት። ሁለተኛው ላሊሶ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን የሚዘረጋው ጋሽ ዘውዴ በረንዳ ላይ፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ነበር። አንዱ መንገድ ወደ መርክነህ ሰፈር፣ አንዱ ወደ መናኸሪያው ይወርዳል። ሦስተኛው የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ነው። እትዬ ውብነሽ በየጊዜው ያንን ሸራ ጫማ አጥብቀው የእያንዳንዱን ተማሪ መንገድ ይሄዱበታል። ሰዎቹ በቦታቸው አሉ ወይ? የታመመ፣ የለቀቀ፣ የሞተ አለ ወይ? አንዱ ከጎደለ እኛ ረዳቶቹ ሌላ ሰው እስክንተካና ተማሪው እስኪለምደው አብረነው እንመላለሳለን። ከሥራችን ሁሉ ብዙውን ሰዓት የሚበላው ይኸው ነበር። ከውጭ ለሚያይ ግን ደመወዝተኛ በመንገድ ላይ ሲንሸራሸር ነው የሚመስለው።

መርክነህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቤቱ የደረሰ ቀን እናቱ በማግሥቱ ማዕከሉ መጡ። ለእትዬ ውብነሽ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ይዘውላቸዋል።

"ትናንት በር ተንኳኳ" አሉ። "ማነው ብዬ ስከፍት እሱ ነው። የኔ ልጅ እንደ ሰው አንኳኳ።"

ላስቲኩን የጣሉት በዚያ ሳምንት ነው።

ከዚያ የግብሩ ነገር መጣ። የቀን ገቢ ግምት በዝቶብናል ብሎ ነጋዴው ሲያማርር ከርሞ ነበር፤ ሐሰትም አልነበረም። ጋሽ ዘውዴ ማዕከሉ በር ላይ ቆመው "እኔ የምሸጠው ሚስማር ነው ወይስ ወርቅ? ገማቾቹ ሱቄ የገቡ ዕለት የማዕድን ጉድጓድ ያዩ ነው የመሰላቸው!" እያሉ ያስቁን ነበር። ግምቱ ወረደ፣ ውዝፉም ተሰረዘ። ከተማው ደስ አለው። እህቴ ትንሽ ሻይ ቤት አላት፤ ለእሷም ተቀነሰላትና ለልጇ ጫማ ገዛችለት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግብር ማለት ከሰው ኪስ የሚወጣ ነገር እንጂ ወዴት እንደሚገባ አስቤ አላውቅም ነበር።

የተወሰነ ጊዜ ቆይቶ ከሚደጉመን መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት ኃላፊ በሞተር መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ እትዬ ውብነሽ አንደኛ ክፍል አስተምረውታል። ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ ማዕከሉ አልተዘጋም። ይዘጋ ያለም የለም።"

"ታዲያ ምን ተባለ?"

"የግብሩ ገቢ ስላነሰ የኮንትራት ሠራተኛ፣ ነዳጅና ምሳ ለጊዜው ይቁም ነው የተባለው።"

"ከዚያስ ምን ቀረ?"

"ሕንፃው አለ። እርስዎም አሉ።"

"እኔና ሕንፃው ተያይተን ማንን እናስተምር?"

አንገቱን ደፋ። "የመምህሩና የነርሱ ደመወዝ ይቀድማል፣ እትዬ። እሱም በወቅቱ አልተከፈለም። የሚቀነሰው ግዴታ ከሌለበት ላይ ነው።"

"እነዚህ ላይ ግዴታ የለብንም?"

"በስብሰባው ላይ ስማቸውን ያነሣ አልነበረም" አለ። እውነቱን ነው የተናገረው። ክፉ ሰው ያለበት ነገር ቢሆን ኖሮ ለማስታወስም ይቀለኝ ነበር። ማንም መርክነህን እንጉዳው አላለም፤ በቃ አላሰቡትም።

መጀመሪያ ባጃጁ ቆመ። ከሩቅ የሚመጡት፣ በእግር መምጣት የማይችሉት ቀሩ። ቀጥሎ ምሳው ቆመ፤ ለምሳው ሲሉ ይልኩ የነበሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አስቀሩ። ምግብ አብሳይዋ አስቴርና እኛ ረዳቶቹ ተሰናበትን። እኔ ጥቂት ጊዜ በነጻ ሠራሁ፤ የቤት ኪራይ ሲያሳድደኝ ድንጋይ ወደሚጫንበት የቀን ሥራ ገባሁ። እትዬ ውብነሽ በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ እየከፈቱ፣ ብቻቸውን፣ በእግር መድረስ የሚችሉትን ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹን ጥለው ወጥተው መንገድ መፈተሽ ግን አልቻሉም። ምሽት ላይ እንዳይሄዱበት ሰዎቹ ያኔ በቦታቸው የሉም።

ጋሽ ዘውዴ ከግብር የተረፋቸውን ገንዘብ አላባከኑም። ሱቃቸውን አሰፉበት፤ ነጋዴ ማድረግ ያለበትን ነው ያደረጉት። በረንዳው ሲታጠር ላሊሶ መኪናውን ተሸክሞ ሌላ ሰፈር ሄደ። ለእኛ የነገረን የለም፤ ማንስ ይንገረን፣ እኛስ የት አለን?

በዚያ ሳምንት መርክነህ ከማዕከሉ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሙዝ ሻጯ እንደ ልማዷ መልሳለታለች። በረንዳው ጋ ሲደርስ ያገኘው አዲስ ቆርቆሮና የብረት በር ነው። ብየዳ የሚሠሩት ልጆች በኋላ እንደነገሩን፣ ለቆርቆሮው "ሳሮ!" እያለ ብዙ ቆመ። ሳቁበት። ከመካከላቸው መልሶ "ሳሮ" ያለው የለም፤ ለእነሱ መቼ ሰላም አለ? ዝናብ ሲጥል ያው ቆሞ ነበር። ከታች፣ መናኸሪያው አፍ ላይ፣ አንድ ወያላ ሰው ይጠራል። ወያላ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። "ሳሮ! ሳሮ! ተበላ ነህ? ግባ!" አለው፤ በእጁም ወደ ሚኒባሱ አመለከተው።

መልስ ወደ ሰጠው ሄደ። ያስተማርነውን አንዲት ሳያጓድል ፈጸመ።

እናቱ ሲመሽ ሊፈልጉት ወጡ፤ እኔም ሰማሁ፣ እትዬ ውብነሽም ሸራ ጫማቸውን አጥብቀው መጡ። መጀመሪያ ሶዶን አዳረስን። ወያላው እስኪገኝ ድረስ ቀናት አለፉ። መርክነህ ሒሳብ ሲጠየቅ ዝም ስላለ ተበላ መግቢያ ላይ አውርደውታል። ተበላ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። አንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ የገለባ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ጆሮው አብጧል፣ አንድ እግሩን መርገጥ አይችልም። የማያውቁት ሰዎች፣ "ሳሮ!" እያለ እየተጠጋ አፍጥጦ ቆሞ አልሄድም ሲላቸው፣ ሌባ ነው ብለው ደብድበውታል። የወፍጮ ቤቱ ሴትዮ ነች ውኃ የሰጠችው።

እትዬ ውብነሽ ከፊቱ በርከክ ብለው "ሳሮ፣ ጌታው" አሉት።

ቀና ብሎ አየን። ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሰላም ብሎ አያውቅም።

ጋሽ ዘውዴ ወሬውን ሲሰሙ እኔን አስጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

"ያ ልብስ ሰፊ ምልክታችሁ መሆኑን መች አወቅኩ? አንድ ቃል ብትነግሩኝ ጥጉን እተውለት አልነበረም?"

"ይተዉለት ነበር፣ ጋሼ" አልኳቸው። አምኜበት ነው ያልኩት። ሥራውን ሲሰጡኝም ተቀበልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ላሊሶ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀምጫለሁ፤ የሚያልፈውን ሁሉ አያለሁ፤ "ሳሮ" የሚለኝን ሁሉ እመልስለታለሁ። የመርክነህን መንገድ ሊጠብቅ የሚችል ሰው አሁን በቦታው አለ። የሚሄድበት የለም እንጂ።

እትዬ ውብነሽን አልፎ አልፎ አገኛቸዋለሁ። ማዕከሉ በወረቀት ላይ አሁንም አለ። ባለፈው እዚህ መጥተው ለዳሱ ሚስማር ገዙ። ቃጫ የሚበጥርበት ሰው ሳይኖር ዳስ ማደሱ ምን ያደርጋል ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። እጃቸውን ወደ ኋላ ማጣመር ትተዋል፤ ሁለቱም በጎናቸው ተንጠልጥለዋል።

በቅርቡ አንድ የገበያ ቀን፣ ሱቅ ሳልገባ፣ መርክነህን ልጠይቅ ሄድኩ። እናቱ ቅቤያቸውን አሰናድተው ሊወጡ ነው። እግሩ ድኗል። ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ አጠገቡ የተጠቀለለ ገመድ አለ። አየሁና አወቅኩት። ዳሱ ውስጥ የጎነጎነው፣ ለስላሳና እኩል የሆነው የራሱ ገመድ ነው።

"ይኸኛው አይልጠውም" አሉኝ እናቱ፣ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ። "ላስቲኩን አልመለስኩበትም። እናንተ ባስተማራችሁት ገመድ ነው የማስረው።"

አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ አሰሩ፣ ሌላውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አዞሩ። ሊቋጥሩት ሲሉ መርክነህ እጃቸውን ቀስ አድርጎ ገፋው። ቋጠሮዋ የሱ ናት። ራሱ አሾለካት፣ ሳብ አድርጎ አጠበቃት። በደንብ ነው የሠራት፤ ከዚያ የተሻለ ቋጠሮ ዳሱ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ እኔን አየኝ። ተበላ ካገኘነው ወዲህ ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም ነበር።

የሚጠብቀውን ቃል አላልኩትም።

ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፈታው፤ ቁርጭምጭሚቱ ነጻ ሆነ። ወዲያው ደግሞ እንደገና ቋጠረው፤ አሁንም ቀና ብሎ አየኝ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደነበር ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

"በልለት እንጂ፣ ልጄ" አሉ እናቱ፣ ቅቤውን ራሳቸው ላይ እንዳደረጉ። "እኔ ሁልጊዜ እለዋለሁ። ካልተባለ ሲፈታና ሲያስር ይውላል፤ ፈትቶ የወጣ እንደሆነ ደግሞ መንገዱን ታውቀዋለህ። ገበያው አለፈኝ።"

መርክነህ ለሦስተኛ ጊዜ ቋጥሮ አየኝ።

"አለቀ" አልኩት።

ፈገግ አለና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።